«እደግ» የምትያት ልጅ

ይድረስ ለእናቴ፥ ካለሽበት፤

እትዬ የውብዳር ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽ፤ አንቺ ከማንም ጤና በፊት የእሳቸውን ጉልበት ነበር የምትጠይቂው። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ቅባት ትተው የመሸንቲዋ ልጃቸው በላከችላቸው የኑግ ዘይት ሲያሹት ከረሙ። አሁን ያለ ምርኩዝ እኛ ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ግን «ምርኩዜን የት አደረግሽው» ይሉኛል፥ ሳይዙት መጥተው። የመሸንቲዋም ወለደች። ወንድ ነው። አንቺ ሆዷን አይተሽ ሴት ናት ብለሽ ነበር፤ ይኸው ተሳሳትሽ። እትዬ የውብዳር «በኖረችና ባሳፈርኋት» ብለው ይስቃሉ።

ካንቺ ከተለያየን ሰባተኛ ወሩ ገባ። መንፈቅሽን በነሐሴ በዝናቡ መሀል አወጣን፤ ድንኳኑ ውሃ ቋጥሮ መምሬ ራስ ላይ ሊወርድ ሲል እትዬ የውብዳር በዚያው በምርኩዛቸው ደግፈው ያዙት። ብታይ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ማንጎዋ ዘንድሮ እምብዛም አላፈራችም። አልጋሽን ካለበት አላነሣሁትም፤ ጋቢሽን ግን እንዳልሽው ለአቦ ቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። እኔ ያው ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ነኝ። ቆሮሶ ስጠብስ እውላለሁ፤ ማታ ስገባ «ሽታሽን ውጭ አራግፈሽ ግቢ» የሚለኝ የለም፤ አሁንም ግን በር ላይ ቆሜ ቀሚሴን አራግፋለሁ።

ወሬ ማብዛቴን ታውቂያለሽ። የማበዛውም ስፈራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የምጽፍልሽ ስለ ልድያ ነው።

ልድያ የወንድሜ የደሳለኝ ልጅ ብትሆንም፥ አሜሪካ ተወልዳ እዚያው ብታድግም፥ አማርኛዋን የተማረችው ካንቺ ነው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማንጎዋ ሥር ትቀመጫለሽ፤ ስልኩን እኔ እይዝልሻለሁ። ፊቷን እያየሽ አውሪ ብልሽ አንቺ ጆሮሽ ላይ ትለጥፊዋለሽ። ልጂቱ ያደገችው ጆሮሽን እያየች ነው። ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት የቤተሰብሽን ሥዕል ሣይ ሲሏት አንቺን አንድ ትልቅ ጆሮ አድርጋ ሣለችሽ፤ ደሳለኝ በሰው ላከልንና ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ዛሬም እዚያው ነው።

መሀል ላይ ነው ያደገችው፥ እማዬ። እኛ እዚህ ሆነን ምቾት ብቻ ነበር የሚታየን። ቤት ውስጥ አባቷ ታላቅ ሲገባ ተነሺ፥ ሲቆጡሽ ዓይን ዓይን አትመልከቺ ይላታል፤ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ተናገሪ፥ የተሰማሽን አትደብቂ ትላታለች። የምሳ ዕቃዋ ሲከፈት የክፍሏ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደግሞ ካንቺ እንደ ሰማችው «ሄድሁ፥ በላሁ» ስትል የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ባላገር ናት እያሉ ይስቁባታል። አንድ እሁድ እያለቀሰች «እማማ፥ እነዚያ ሐበሻ ይሉኛል፥ ሐበሾቹ አሜሪካዊት ይሉኛል፤ እኔ የት ነኝ?» አለችሽ። አንቺ ቆም ብለሽ እንኳ ሳታስቢ «ስልኩ ውስጥ ነሃ፤ የት ትሆናለህ» አልሻት። ከነእንባዋ ሳቀች።

«ነህ» ነበር ያልሻት። ሁልጊዜ በወንድ ነበር የምትጠሪያት፤ አንተ፥ አባቴ፥ የኔ ጌታ። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ «እደግ ተመንደግ» ትያታለሽ። እኛ አገር ሴት ልጅ ስታሳሳ በወንድ ትጠራለች፤ ለእሷ ግን ይህን ያስረዳት አልነበረም። አንተ ማለት በጣም ለሚወዱት ሰው የሚባል ቃል ይመስላት ነበር። አንድ ቀን የዚያን አገሩን ቄስ መስቀል ተሳልማ «አባ፥ አንተ እንዴት ነህ» ብላቸው ደሳለኝ የሚገባበት ጠፋው። ሊቆጣት ሲል አንቺ በስልክ «ተዋት፤ ብትወዳቸው ነው» ብለሽ አስቆምሽው፤ ነጠላሽ ከራስሽ እስኪወድቅ ሳቅሽ። ኋላ አደገችና አማርኛው ገባት፤ አንቺና እሷ ግን በዚያው ቀጠላችሁ።

ያኔ ልጅ ሆና የመጣች ጊዜ ሐይቁ ዳር የወሰድናት ትዝ ይልሻል? እኔ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ ነበር፤ እናንተ ድንጋዩ ላይ ነበራችሁ። ሽበትሽን እየጎነጎነች እናትሽ የት ናት ብላ ጠየቀችሽ። ሞታለች አልሻት፤ ያኔ ጸጉሬን ሙልጭ አድርጌ ተቆረጥሁ አልሻት። ያምማል ወይ አለች። ጸጉሩስ አያምም አልሻት። ማን ነገረሽ ስትልሽ፥ ጎህ ሲቀድ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢያችን ሞልተው እንዳየሻቸው፥ ገና ሳይናገሩ እንደገባሽ፥ ግን እስኪነግሩሽ እንደጠበቅሽ አወራሻት። አሜሪካን አገር ያደገ ልጅ ይህን እንዴት ይረዳል? ካወቅሽ ለምን ጠበቅሽ አለችሽ። ያልሻትን እኔም ሰምቻለሁ፤ ጆሮ አልሰጠሁትም እንጂ። «የሚነግሩህ ሰዎች ናቸው የሚይዙህ። ብቻህን አውቀህ ብቻህን ብታለቅስ ማን ይይዝሃል?»

እንግዲህ በሁዳዴ መግቢያ አንቺ አረፍሽ። ደሳለኝን እዚያ ያሉ ያገራችን ሰዎች ማልደው ቤቱ ሄደው አረዱት፤ በወጉ፥ ይዘውት። ልድያ ግን ኮሌጅ ገብታ ሌላ ከተማ፥ ብቻዋን የምትኖር ሆነች። ፈተና ላይ ናት አለ ደሳለኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም አልሁ እኔ። ማን ያቅፋታል፥ ማን ውሃ ያቀምሳታል ብለን፥ ክረምት ባህር ዳር ትመጣና እዚህ በወጉ እናረዳታለን ተባባልን። እውነቴን ነው፥ ያኔ ደግ ነገር የሠራን መስሎኝ ነበር።

እሁድ ደረሰና ስልኩ ጮኸ። እማማስ አለች። ተኝታለች አልኋት። በሚቀጥለው ጠበል ሄዳለች አልኋት፤ ከዚያ ጆሮዋ ደክሟል፥ ከዚያ ጉንፋን ይዟታል። የአርባሽ ዕለት እሁድ ባይሆንም ደወለች፤ ካህናቱ ግቢው ውስጥ ፍትሐት ላይ ናቸው፤ ድምፁ ምንድን ነው አለችኝ። የጎረቤት ማኅበር ነው ብዬ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወጥቼም ከሰው ጋር አለቀስሁ። ሰዉ ደገፈኝ፥ ውሃ አቀመሰኝ። ለእኔ የሚይዘኝ ሰው ነበረኝ፥ እማዬ።

የሚብሰውን አሁን ልንገርሽ። ፋሲካ መጣ። ልድያ እንኳን አደረሰሽ ሳልላት አልቀርም፥ ድምፅዋን ብቻ አሰሚኝ ብላ ለመነችኝ። ድምፃችን አንድ ነው ይሉ የለ? አንቺ በሌለሽበት ሰው ሲጣራ እኔ ስመልስ እናትሽ መስላኝ ይሉኝ ነበር። ቆይ ላቀብላት አልኋት። ስልኩን አልጋሽ ላይ አስቀመጥሁ፤ ነጠላ አፌ ላይ ጣል አደረግሁ፤ እንዳንቺ አንዴ ሳልሁና አነሣሁት። እንደምን ነሽ ልጄ፥ ደህና ነኝ፥ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኋት። እሷ ምንም አላለችም። የቸኮልሁት ለመዝጋት ነበር፤ «እደጊ ተመንደጊ» አልሁና ዘጋሁት።

እደጊ።

እኔ ምንም አልታወቀኝም። እንዲያውም ለእትዬ የውብዳር ሄጄ ነገርሁ፤ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው «ያልሆነ ነገር ሠራሽ» አሉኝ፤ ቅር ብሎኝ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ልጂቱ በየእሁዱ መደወሏን አልተወችም። አንቺን ግን አቅርቢልኝ ማለቷን ተወች። እንዴት ነሽ ትለኛለች፥ ቤቱስ ትላለች፥ ከዚያ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ረዥም ነው፤ እኔም ስለ ዝናቡ፥ ስለ ዓሣው፥ ስለ እትዬ የውብዳር ጉልበት እሞላዋለሁ። ለደሳለኝ እግዜር ይመስገን ረሳቻት አልሁት። እሱም ያሜሪካ ልጅ ምን ጊዜ አለው፥ ልባቸው ሩጫ ላይ ነው አለኝ። እኔም እውነትህን ነው አልሁ። ይህን በአፌ ብያለሁ።

ሐምሌ ላይ መጣች። አየር ማረፊያ ስቀበላት ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተቆርጣለች፤ ጥቁር በጥቁር ለብሳለች። ያን የመሰለ ጸጉር፥ አንቺ ቅቤ የቀባሽው ጸጉር። ገና ሳልስማት «ይህ ደግሞ ምን ያሜሪካ ፋሽን ነው» ብዬ ተቆጣኋት። ዝም ብላ ሳመችኝ። ቤት ገብታ ሻንጣዋን ስትከፍት ለእኔ ቀሚስ፥ ለእትዬ የውብዳር የጉልበት ማሰሪያ፥ የእሳቸው ቤት ለተከራየችው አስተማሪ ለሰላም እንኳ ሽቶ አወጣች፤ ላንቺ ምንም የለም። ሻንጣው ባዶ እስኪሆን ጠበቅሁ። በልቤ፥ አየሽ እማዬ፥ እንዲህ ነው የረሳችሽ አልሁ። እኔ ነኝ የተቀየምሁልሽ፥ እኔ።

እማማስ አላለችም። እኔው ራሴ ጠበል ናት፥ ነገ ትመጣለች አልሁ። «እሺ» አለች። ራት ቀርቦ እንጀራውን በጣቷ ስታዞር ቆይታ ደክሞኛል ብላ አልጋሽ ላይ ሄዳ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ እንደተነጋገርነው ሴቶቹ መጡ። እትዬ የውብዳር በምርኩዝ ፊት ፊት፤ ከኋላ የዕድሩ ሴቶች፥ ነጠላቸውን አጣፍተው። እንዳታለቅሱ፥ እስኪነገራት ጠብቁ እያልሁ በእግር ጣቴ ወደ ግቢ አስገባኋቸው። ልድያን ልቀሰቅስ ስዞር ደጃፉ ላይ፥ አንቺ ጸሐይ የምትሞቂበት ዱካ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ተጣጥባለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፥ ነጠላ ለብሳለች፤ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃዋለች። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ በዚያ ባንቺ አማርኛ፥

«ቆያችሁ» አለች። «እኔ ብቻዬን አለቀስሁ።»

እትዬ የውብዳር ለመርዶው ያዘጋጁት ቃል አፋቸው ላይ ቀረ። እኔን ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «አክስቴ፥ በፋሲካ እደጊ አልሽኝ። እማማ እደጊ ብላኝ አታውቅም።»

በኋላ፥ ሴቶቹ ይዘዋት አልቅሳ ከወጣላት በኋላ ነው ነገሩን ቀስ እያለች የነገረችን። ያን ቀን እንደገባት፤ የመኝታ ክፍሏን በር ቆልፋ እንዳለቀሰች፤ ፈረንጅ ጓደኛዋ ምን ሆንሽ ስትላት አያቴ ሞታለች ብላ፥ መቼ ስትላት አላውቅም፥ ማን ነገረሽ ስትላት ማንም ብላ፥ ጓደኛዋ ግራ እንደተጋባች። ደውለሽ ጠይቂያቸው እንጂ አለቻት አሉ ጓደኛዋ፤ እዚያ አገር እንዲያ ነው። ጸጉሯን በመቀስ እሷው ራሷ መስታወት ፊት ቆረጠች። አባቷን ልጠይቅ እያለች ስልኩን ታነሣና፥ እማማ ብትሆን ትጠብቅ ነበር ብላ ታስቀምጣለች። በየእሁዱ የደወለችው እንድንነግራት ነበር። ያ ዝምታ የእኛ ተራ ነበር፥ እማዬ። እኔ በዓሣና በዝናብ ሞላሁት።

ወግ እንጠብቃለን ያልነው እኛ ነን። ወጉን የጠበቀችው እሷ ናት፤ ያውም የሚይዛት ሰው በሌለበት። አንቺ ሐይቁ ዳር ያልሻትን ስንት ዓመት ይዛ ኖራለች፤ እኔ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ የሰማሁት አንድ ቀን እንኳ አልያዝሁትም።

በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ውሰጂኝ አለችኝና ሄድን። ሐምሌ ስለነበር ውሃው ያን ድንጋይ ሊውጠው ደርሷል። ዓሣ የሚያመጣልን ከድር ጀልባውን አስሮ መጣና አላህ ያጽናሽ ብሎ ትንሽ አብሮን ተቀመጠ። ከዚያ እሷ የእማማን ድምፅ አንዴ አስመስዪልኝ፥ አሁን በትክክል አድርጊው አለችኝ። አፌን ከፈትሁ። «እ» አልሁ። መጨረስ አቃተኝ። ተይው አለችኝ፤ «ያንቺ ድምፅ ቀጠን ይላል፥ አክስቴ» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነው ሲሉኝ የኖሩት እንዲህ በሁለት ቃል አለቀ።

ባለችበት ጊዜ ሁሉ ደህና ነበረች፤ ሳህን አጠበች፥ እትዬ የውብዳርን ጉልበት አሸች፥ መቃብርሽ ላይ አበባ አኖረች። ስትሄድ ግራና ቀኝ ሳመችኝ። ግን የጨዋ ልጅ ስሞሽ ነበር፤ ለእንግዳ የሚሳመው ዓይነት። የመጀመሪያው እሁድ አልደወለችም። ነሐሴ አለፈ። መንፈቅሽ ላይም ለአባቷ እንጂ ለእኔ አልደወለችም። እንቁጣጣሽ መጣ፤ ማንጎዋ ሥር ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ዋልሁ። ይገባኛል አልሁ። አንቺን ያሳጣኋት አንሶ ድምፅሽን ሰርቄ አታለልኋት፤ ምን ብላ ትደውል?

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ነበር ይህን መጻፍ የጀመርሁት። እየጻፍሁ ሳስበው ግን ይቅርታው ካንቺ ዘንድ አይደለም። ላንቺ የምሰጥሽ ቃል ብቻ ነው። «እደግ» የሚለው ያንቺ ነው፤ ካንቺ ጋር ሄዷል፥ ከእኔ አፍ ለማንም አይወጣም። ሌላው ደግሞ፥ ከዚህ በኋላ ከቤታችን ሰው ቢያልፍ ክረምት አልጠብቅም። በእሷ አገር ጎህ ሲቀድ ሰዓቱን አስልቼ እደውላለሁ፤ በአፌ እነግራታለሁ፤ አልቅሳ እስኪወጣላት ስልኩን አልዘጋም፥ ቀኑን ሙሉ ቢሆንም። ወግ አይደለም የሚል ካለ ይበል። እኔ ከሆንሁ የማልፈው ደግሞ ለሰላም ነግሬያታለሁ፤ እሷ ትደውላለች። አንቺን የማስብሽ እንዲህ ነው፥ ሻማ ማብራቱ እንዳለ ሆኖ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ትናንት እሁድ ስለሆነ ግን የመጣውን ሰው ልንገርሽ።

ከቅዳሴ መልስ እትዬ የውብዳር መጡ፥ ያለ ምርኩዝ። ሰላምም ተከትላቸው መጣች፤ ደህና ልጅ ናት፥ ያዲስ አበባ አነጋገሯ ነው እንጂ የሚያስቀን። ማንጎዋ ሥር ሆነን ምስር ስንለቅም፥ የመሸንቲው ሕፃን ጥርስ ሊያወጣ ነው ሲሉ፥ እኔም ገና ምኑን ስል፥ ስልኩ ጮኸ። እጄ ላይ ምስር ነበርና ሰላም ነክታ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። ልድያ ናት። ትንሽ ዝም አለች። እኔም እንደ ድሮው በወሬ አልሞላሁትም፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

«አክስቴ» አለች፥ «እንዴት ነህ? ምሳ በላህ?»

በላሁ አልኋት። እሁድ እደውላለሁ ብላ ዘጋች።

ሰላም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እትዬ ትብለጥ፥ እዚያ ያደጉ ልጆች እኮ ወንድና ሴት ይምታታባቸዋል፤ ምናለ ብታርሟት?» አለችኝ።

እትዬ የውብዳር ቀና አላሉም። ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር አንሥተው ጣሉና፥ «አልተምታታባትም» አሏት። «አንቺ ምስርሽን ልቀሚ።»